የልብ ወለድ ደጋፊው

ለኳስ የሚጮህ ሰው አይታችኋል፤ ለልብ ወለድ የሚጮህስ? እኔ አይቻለሁ፤ እስካሁንም ይደንቀኛል።

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ የኦክላንዱ ጋሽ ታደሰ ለትልቁ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሽልማት የታጩትን መጻሕፍት በየዓመቱ ከልጃቸው ከሳራ ጋር ያነባሉ። ሳራ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ውጤቱ የሚታወጅ ዕለት፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ እያሳየ፣ ከእነሱ ጋር ምሳ እየበላን ሳለ ጋሽ ታደሰ ድንገት ብድግ አሉ።

«ኳሱን ቀይሩልን፣ ሽልማቱ ሊታወቅ ነው!»

«ጋሼ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ እኮ ነን!» አለ አስተናጋጁ።

«እኛስ?»

ማን ይደፍራቸዋል? ተቀየረ። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠበቁ። የተጠራው ግን እነሱ የደገፉት ደራሲ አልነበረም። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ያዙ። ሳራ ጠረጴዛውን መታችና በጠራ አማርኛ ጮኸች፦

«አባዬ፣ ተበላን!»

ጋሽ ታደሰ ሽንፈቱን ረስተው ቀና አሉ።

«እስቲ ድገሚው።»