«ማን ሞተ?» የማያሰኝ ሄድፎን

ደሴ ላይ ክላሲካል ሙዚቃ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ወንበር ያዘጋጅ። ቀልዴን አይደለም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ይመጣል። የሚመጣው ግን ሊያዳምጥ መሰላችሁ? ሊያጽናና ነው።

በኛ አገር ዘፋኝ የሌለበት፣ ብቻውን የሚያለቅስ ቫዮሊን በራዲዮ ከተሰማ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ዜና አንባቢው ሳይናገር ሕዝቡ ያውቃል። እኔም ብሆን ይሄን ሙዚቃ የለመድኩት እንደዚያ ባለ የሐዘን ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ ራዲዮው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ሐዘኑ አልቆ መደበኛው ዘፈን ሲመለስ ደግሞ ከፋኝ። አስተግፊሩላህ! ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን እጠግናለሁ። ሽመና ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ሰው በአፉ አያወራም፣ በእጁ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ የኖረ ጆሮ ቤቱ ሲገባ ምን ይፈልጋል? ሌላ ጩኸት? እኔስ ቀስ ብሎ የሚጀምር ነገር ነው የምፈልገው። አንድ የፋብሪካው የቢሮ ሰው ይሄን ሙዚቃ ፍላሽ ላይ ሞልቶ ሰጠኝ። እኔም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ፍላሽ የምትቀበል ራዲዮዬ ላይ ሰካሁት። ጣጣው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ ይባላሉ። የምንለያየው በአንድ ግድግዳ ነው። ልጆቼን ከኛ እኩል አሳድገዋል፤ በዒድ እሳቸው፣ በፋሲካ እኛ ቀርተን አናውቅም። ያን ቀን ቼሎው፣ ያ ድምፀ ወፍራሙ ትልቅ ቫዮሊን፣ ማጉረምረም ሲጀምር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ። ገና ከበሩ፣ ማን ነው፣ ከኩታበር ነው ወይ ይላሉ። ኩታበር ያለችው እናቴ ናት። ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው ብዬ ወላሂ አልኩ፣ ቢላሂ አልኩ። አላመኑኝም። መርዶ ደብቄ መናገር የከበደኝ መስሏቸው፣ አብሽር ሰይዶ፣ አውጣው ይውጣልህ እያሉ አጠገቤ ተቀመጡ። ከድጃ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ ጋ ደውላ ድምጿን እስክታሰማቸው ድረስ አልተነሱም።

በሌላ ቀን ስከፍት ደግሞ ወደኔ አልመጡም። የራሳቸውን ራዲዮ ከፍተው የትኛው ባለሥልጣን እንደሞተ ሲፈልጉ ዋሉ። ደም ግፊታቸው ተነሳ። በዚህ ጊዜ ከድጃ ፈረደች፤ ወይ ይሄን ሙዚቃህን ተው፣ ወይ ጆሮህ ላይ ክደነው አለችኝ።

መተውማ አልተውም። ለምን እተዋለሁ? አልሰረቅኩ፣ ሰው አልደበደብኩ! ዘይት በነካው እጅ ቫዮሊን አይደመጥም ብሎ የደነገገ ማን ነው?

ራዲዮዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድፎን ልገዛ ወደ ደሴ ፒያሳ ወጣሁ። ሻጩ ገና ሰላም ሳይለኝ ስለ ቤዝ ያወራኝ ጀመር። ቤዙ ደረት ይመታል፣ ቤዙ ጭንቅላት ያናውጣል። ወንድሜ፣ የሚያናውጠኝስ ኮምቦልቻ አለልኝ፣ ያውም ደሞዝ እየከፈለኝ፣ አልኩት። በራሴ ሙዚቃ እንሞክረው ብዬ ሰካሁ። ቀድሞ እሱ ጆሮው ላይ አደረገና፣ ይሄ አይሠራም ብሎ ወደ ካርቶኑ መለሰው። ሁለተኛውን አወጣ፤ እሱም አይሠራም። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው፤ ያመጣለትን ነጋዴ ሊሳደብ ስልኩን አነሳ። ኧረ ታገስ፣ ሄድፎኑ ደህና ነው፣ ሙዚቃው ገና እየመጣ ነው አልኩት። ከየት ነው የሚመጣው አለኝ። አንድ ደቂቃ ያህል በጣም ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ከፍ ይላል ብዬ አስረዳሁት። አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚያስጠብቅ ዘፈን ይዘህ ሱቅ አትምጣ ብሎ ተቆጣኝ። እኔም አልተመለስኩም፤ ጠብቀን እንሰማዋለን አልኩ፣ ጠበቅን፣ ሰማን። እሱ አልገባውም። እኔ ግን ጆሮን እንደ ድስት ክዳን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ድፍን የሆነ አንዱን መርጬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር። ተጫዋቹ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማኛል። ዓለም ድራሿ ጠፋ። መጥፋቷ ነው ጉድ ያፈላብኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከድጃ ሐርቡ፣ እህቷ ጋ ሄዳለች። እኔ ብቻዬን ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ለካ የቅሬያችን ጠሪ በሬ ላይ ቆሞ ስሜን ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ሰልችቶት ሄዷል። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ውስጥ ከቅሬ ቀርቶ ሰው ነኝ ማለት ዘበት ነው። ከኛ በታች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን አርፈው ኖሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጀናዛውን ይዞ በመስኮቴ ሥር አልፏል። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ እጄን በሙዚቃው አወዛውዝ ነበር። ይሄን ያዩኝ አሉ።

በማግስቱ ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። ከሁሉ የከፋው የእማማ ዘነቡ ነው። ላልሞተ ሰው ስታስለቅሰን ከርመህ፣ የሞተው ላይ ቀረህ አይደል? አሉኝና በራቸውን ዘጉ። ይሄ ነገር አጥንቴ ድረስ ገባ። ሟቹ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሳልቀብራቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቅሬው ሽማግሌዎች አስቀርበው ወቀሱኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ጥፋት ጥፋት ነው። ያን ነገር ከጆሮህ አውርደህ ጣለው ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ሰፈሬንም አልተው፣ ሙዚቃዬንም አልተው፤ ሁለቱንም የሚያሰማ ሄድፎን እፈልጋለሁ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ይሳቁ!

እሱን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። ከሥራ ስወጣ ራዲዮዬንና ድፍኑን ሄድፎን ይዤ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ጎራ አልኩ። መደርደሪያው ላይ ጀርባው ወንፊት የሆነ አሮጌ ሄድፎን ተሰቅሏል። ሰውየው ሐቀኛ ነው፣ ሊሸጥልኝ አልፈለገም። ይሄ ጉድለት አለበት፣ ክፍት ነው፣ ድምፅ ወደ ውጭ ያፈሳል፣ የውጭውንም ያስገባል አለኝ። እስቲ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ሰካሁ። ቫዮሊኑ ሳይጨናነቅ፣ ሰፊ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ጥርት ብሎ መጣ። የባጃጁም ጥሩምባ መጣ። ጠጋኙ ለጎረቤቱ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይመስለኝም ሲል እሱም አላመለጠኝም። ይሄ ነው የኔ! ብዬ ድፍኑን በለውጥ ሰጥቼ ገዛሁት።

ኋላ የቢሮው ሰው እንደነገረኝ፣ የዚህ ሙዚቃ አዋቂዎችም ቤታቸው ሲሆኑ ክፍቱን ይመርጣሉ፤ ድምፁ አየር ያገኛል ይላሉ አሉ። እነሱ ለአየሩ፣ እኔ ለቅሬው።

በሳምንቱ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ የእማማ ዘነቡን ኮቴ ሰማሁ። ሳያንኳኩ ብድግ ብዬ ከፈትኩላቸው። የከድጃን ሰሃን ሊመልሱ መጥተው ነው። ሰምተኸኝ ነው? አሉ እየተገረሙ። ኮስተር ያለው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ከዚያ ጭንቅላትህ ላይ ምንድነው የሚንሾካሾከው አሉኝ። አውልቄ በሻሻቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሰሃኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እንዳያለቅሱ ብዬ ሰጋሁ። አላለቀሱም። ሲጨርሱ ሄድፎኑን አወለቁ።

«ይሄን የሚከፍቱት ለትልልቅ ሰዎች ነው፣ ሲሞቱ?» አሉ።

የለቅሶ አይደለም እማማ ብዬ ክርክሬን ልጀምር ስል አቋረጡኝ።

«ለኔ ራዲዮ አይከፍትልኝም። ቢከፍትልኝስ ሞቼ መች እሰማዋለሁ? ገመዱን ንቀለውና አሁን፣ በቁሜ ክፈትልኝ።»

ሰፈሩስ ምን ይላል አልኩ። ለሰፈሩ እኔ እመልሳለሁ አሉ። ነቀልኩት። ቤቱ በሙዚቃ ሞላ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ራዲዮዋ የሳቸው፣ ምርጫውም የሳቸው ሆኗል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ነው የሚያዞሩት። ትናንት ማሽን ራሴን ሲወቅረኝ ውሎ ገባሁና፣ እማማ፣ ዛሬን እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልኝ ብዬ ለመንኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ። ሄድፎኑን አንስተው ወረወሩልኝና ጆሮህን ድፈንበት አሉኝ። ምን ይደፈንበታል? መርጬ መርጬ የገዛሁት ክፍቱን ነው!