የቴክሳስና የፌዴራሉ ዕርቅ

እኛ ሐበሾች የተጣላ ካየን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይሆንልንም። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ጎረቤታሞች በአጥር ሲካሰሱ፣ ማንም ሳይጠራን ሽማግሌ ሆነን ከተፍ እንላለን። ይህ ጠባያችን ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ድረስ ተከትሎናል። እንዳትስቁብን እንጂ፣ እኛ የቴክሳስን ክልልና የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ለማስታረቅ ስንደክም ነበር።

ቴክሳስ በሜክሲኮ ድንበር፣ በወንዙ ዳር፣ ስደተኛ እንዳይሻገር ምላጭ የመሰለ ሽቦ ዘረጋ። ፌዴራሉ «ድንበር የኔ ሥልጣን ነው» ብሎ ቆረጠው። ቴክሳስ መልሶ ዘረጋ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት። የክልልና የፌዴራል ጠብ ለእኛ ብርቅ አይደለምና ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁላችንም የሕገ መንግሥት ሊቅ ሆንን።

ነገሩ አንጀቷ ድረስ የገባው ግን ሰብለ ብቻ ነበረች። ሰብለ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ በመኪናዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ናቲ ከወንዙ ማዶ፣ ሜክሲኮ ሆኖ፣ ወደ አሜሪካ ለመግባት ተራ ይጠብቃል። እሷ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ሰብለ ግን ጎርምሶ ያላየችውን ልጅ ትናፍቃለች። ፖላሪስ ከሚባለው የገበያ አዳራሽ የክረምት ጃኬት ገዛችለት። ቁመቱን ስለማታውቅ ትልቁን መረጠች።

«ጋሼ፣ ናቲ ኮል አደረገልኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «እነዚህ ሁለቱ እስኪስማሙ የሚሰማን የለም አለኝ።»

የዚያን ዕለት በጉባኤው መካከል እጇን አውጥታ የጸሎት ርዕስ ሰጠች፦ ቴክሳስና ፌዴራሉ እንዲታረቁ። ፓስተሩ ትንሽ ግራ ገባው፤ ግን ጸለየ። እኛም በየሳምንቱ አሜን አልን። እኔማ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር።

ጸሎቱ ተሰማ። ዋሽንግተን ላይ መንግሥት ተለወጠና ሁለቱ ታረቁ። ስንት ዕርቅ ያየሁ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያማረ ግን አልገጠመኝም። ቂም የለ፣ ካሳ የለ። አንዱ ሽቦውን ሲይዝ ሌላው እየወጠረ፣ በሩን አብረው ዘጉት።

ባለፈው እሑድ ሰብለ ያንን ጃኬት ይዛ መኪናዬ ውስጥ ገባች፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለችግረኞች ልብስ ስለሚሰበስብ ልትሰጠው ነው። ፓርኪንግ ደረስን። አልወረደችም። ጃኬቱን ከነዋጋ ወረቀቱ እንዳቀፈች፣

«ጋሼ፣ ተመልሰው እንዲጣሉ ቢጸለይ ኃጢአት ነው?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማጣላት ማን ያስተምረኝ?