የአላርሟ ለቅሶ

ትናንት ቀትር ላይ ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ ጉደኛ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው ትሉኝ ይሆናል። የኛን ከተማ አታውቋትማ! አገራችን ቆላ ነው፤ ሌሊቱ የቢምቢ ነው፣ ሰው የሚተኛው ቀን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ሳይቀር ቦይ ውስጥ ገብቶ ይዘረራል። እኔም ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ ስልኬን ትራሴ ሥር ሸጉጬ፣ ገና ዓይኔን ከመክደኔ ሌላ አገር ገባሁ።

ያው የኛው ከተማ ነው፣ ግን ፀሐይዋ ብርድ ትለቃለች። ሰዉ ጥርሱን እያንገጫገጨ በየጥጉ በረዶ ከቦ እጁን ይሞቃል። አንዲት በቆሎ ጠባሽ በቆሎዋን በረዶ ላይ እያገላበጠች ታራግባለች።

«በስሏል?» አልኳት።

«ድንጋይ ሆኖልሻል!» ብላ ሰጠችኝ።

ነከስኩት፤ ጥርሴ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። አመስግኛት ሄድኩ።

ወደ ሥራዬ ነበር የምሄደው። ሥራዬ ክትባት መጠበቅ ነው። የወረዳችን ክትባት በሙሉ የሚቀመጥባት አንዲት ትልቅ አሮጌ ፍሪጅ አለች፤ የሷ ሞግዚት እኔ ነኝ፣ ሲስተር ፋንትዬ። ጠባይዋ አስቸጋሪ ስለሆነ እሜቴ እንላታለን። መብራት ሄዶ ትንሽ ከቆየ ታኮርፋለች፤ ያን ጊዜ የግቢው ዘበኛ ጋሽ ሸምሱ ጄኔሬተሩን ያስነሳላታል።

በሕልሜ በሩ ላይ ስደርስ ጋሽ ሸምሱ የለም። በሱ ቦታ ጄኔሬተሩ ጋቢ ለብሶ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ጋሽ ሸምሱስ?»

«ቆልፌበታለሁ።»

«ምን አድርጎ?»

«ምንም። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚፈለገው። እስከዚያ ውጭ ምን ይሠራል?» አለኝ ጄኔሬተሩ።

አባባሉ እውነት መሰለኝና ገባሁ። እሜቴ የኔን ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የኔ ወንበር ላይ ተኮፍሳለች። ስታየኝ ቴርሞሜትር አንስታ ብብቴ ውስጥ ሰካችው።

«ሠላሳ ሰባት!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ጉድ! ይቺ ሴትዮ ተበላሽታለች!»

«እሜቴ፣ ለሰው እኮ ሠላሳ ሰባት ጤና ነው።»

«ጤና ማለት ከሁለት እስከ ስምንት ነው! ራስሽ አይደለሽ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው?»

የለጠፍኩትስ እኔው ነኝ። ክትባት ከሁለት ዲግሪ በታች ከሆነ ይሞታል፣ ከስምንት በላይ ብዙ ከቆየም ይሞታል። ሲሞት ደግሞ አይሸትም፣ መልኩ አይለወጥም፤ ዝም ብሎ ውኃ ይሆናል።

ከእሜቴ ጀርባ ሰልፍ አየሁ። የተሰለፉት ብልቃጦች ናቸው፣ እነዚያ ክትባት የሚመጣባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች። እናቶቹ ጠብታ ጠብታ የሚያክሉ ልጆቻቸውን አዝለው ይነጫነጫሉ፣ ይገፋፋሉ፣ «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» ይባባላሉ።

«ምን ልታስከትቡ ነው?» አልኳት አንዷን።

«ሰው ነዋ! ታች ቀበሌ ሰው ገብቷል አሉ። አንዷን ብልቃጥ ይዟት፣ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየች።»

«ሰው ይይዛል እንዴ?»

«አንቺ የት አገር ነው የምትኖሪው?» ብላ ልጇን ከኔ ሸሸገቻት።

ያን ጊዜ በቦታዋ የቀረውን የእሜቴን ቀፎ በር ከፈትኩ። በመደርደሪያው ላይ በብልቃጦቹ ቦታ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በሳጥን በሳጥን ተደርድረዋል። ታችኛው ሳጥን ውስጥ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሎሚ ልጇን ሲፈንን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ስለ ሎሚ ሳልነግራችሁ አላልፍም። አምና ኩፍኝ የበኩር ልጇን ወሰደባት፤ ክትባት አልቆ ነበር፣ ወንዱ ልጅ ቆሞ እየጠበቀ ሄደ። ዘንድሮ ኩፍኙ እንደገና ታች ቀበሌ ገባ። እሷም በየማለዳው አጥሬ ሥር ቆማ «ሲስተር፣ መጣ ወይ?» ትለኛለች። ስንለምን ከርመን ባለፈው ሰሞን መጣልን። ዘመቻው በማግስቱ ሊጀመር ነበር፣ አንደኛዋ ተከታቢም ሲፈን፤ «በኔ ይሁንብሽ» ብያታለሁ። እንደዚያ ያለ ቃል ደግሞ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

በሕልሜ የሎሚ ግንባር ላይ ምልክት ተለጥፏል። ብልቃጥ ላይ የምትለጠፈዋ ናት፤ ጠቆር ያለ ክብ ውስጥ ነጭ አራት ማዕዘን አለች፣ ሙቀት ባገኛት ቁጥር ትጠቁራለች። ክቡን አክላ ከጠቆረች ያ ብልቃጥ ይጣላል። የሎሚ ነጯ ግራጫ ሆናለች። የልጅቷም እንደዚያው።

«ሲስተር፣ መጣ ወይ?» አለችኝ ከሳጥኑ ውስጥ።

«መጥቷል፣ ሎምዬ! መጥቷል!»

«ታዲያ ለምን ሞቀኝ?»

እሜቴ ወንበሬ ላይ ተኮፍሳ ማን ያቀዝቅዛት! ዞሬ ልለምናት ስል አላርሟ ማልቀስ ጀመረች።

አላርሟ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ናት። የፍሪጁን ሙቀት ትለካና ልክ ሲያልፍ ትጮኻለች፤ ሁላችንም ስልክ ላይ ትጮኻለች። ከኛ አንዱ «አይቻለሁ» የሚለውን ሲጫን ዝም ትላለች፣ ሰው ደርሶልኛል ብላ። የተጫነው ሰው ለጋሽ ሸምሱ ይደውላል፣ ጋሽ ሸምሱ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። በሕልሜ ግን አላርሟ እግር አውጥታ፣ ከግድግዳው ወርዳ፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። ቀይ ዓይኗ እንባ ያፈሳል። ለቅሶዋ ጆሮ ይበሳል።

ወዲያው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ኃላፊያችን አቶ ተክሌ ጥቁር ካፖርት ለብሰው ገቡ። የጥገናው ከድር ተከትሏቸው ገባ፣ ፊቱን አጥቁሮ። የፋይናንሶቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ንፍሮ ይዘው መጡ። ሁሉም ተራ በተራ አላርሟ ፊት ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ያበርታሽ» ይሏታል። ከዚያ አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ንፍሮ ይዘግናሉ።

«ማነው የሞተው?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም» አሉኝ አቶ ተክሌ። «ቶሎ ብለን ነው የመጣነው።»

«ካልሞተማ ተነሱ! ሎሚ ውስጥ ናት፣ እየሞቃት ነው! ጄኔሬተሩን እናስነሳ!»

«ሲስተር!» አሉ፣ እጅግ ተቀይመው። «ለቅሶ ቤት ሥራ ይሠራል? ሰው ምን ይለናል?»

«በሕግ አምላክ፣ ከድር! አንተ እንኳ!»

«እኔ ደርሻለሁ» አለ ከድር አፉ ንፍሮ እንደሞላ። «መድረሴን አላርሟ አይታለች።»

እንደዚህ ብለው ተነሱ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ለአላርሟ ያሳዩዋታል። እሷ ባሰባት። ድንኳኑ በአውራ ጣት ተሞላ፤ ኋላማ ሰዎቹ ሄደው ጣቶቹ ብቻ አየር ላይ ቆመው ቀሩ።

እኔ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ሮጥኩ። ቁልፉን ሰብሬ ብገባ ጋሽ ሸምሱ ሲሚንቶው ላይ በናፍጣ ርሶ ተጋድሟል፤ ከወገቡ ገመድ ተንጠልጥሏል። ገመዱን ሳብኩት። «እህህ… እህህ… እህ» አለና ጸጥ አለ። ደገምኩት። «እህህ» አለ፣ ደግሞ ጸጥ።

«አትድከሚ» አለኝ ጄኔሬተሩ ከበሩ ላይ። «ካልደወሉለት አይነሳም።»

«ማን ይደውልለት?»

«አይቻለሁ ያለው ሰው።»

ስልኬን ፈለግኩ። ስልኬ ትራሴ ሥር ነው፤ ትራሴ አልጋዬ ላይ ነው፤ አልጋዬ ደግሞ የት እንደሆነ ጠፋኝ። ወይኔ ጉዴ እያልኩ ተመልሼ ሮጥኩ።

መነጽር ያደረገ አንድ ረጅም ብልቃጥ በፍሪጁ ፊት እየተዘዋወረ የሰዎቹን ግንባር ይመረምራል። «ይሄ ደህና። ይቺ ደህና። ይሄ ደህና።» ሎሚ ጋ ሲደርስ አጎነበሰ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ይቺ ክቡን አክላ ልትጠቁር ነው። ወደ ማቃጠያው።»

«ልጄስ?» አለች ሎሚ።

«አንድ ሳጥን ናችሁ።»

«ትንሽ ጠብቁ!» ብዬ ጮህኩ። «ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ! በኔ ይሁንባት ብያለሁ!» ድምፄ ግን አልተሰማም፤ የአላርሟ ለቅሶ ውጦታል። እየተንፏቀቀች መጥታ ቀሚሴን ይዛለች፣ ትጎትተኛለች፣ «ፋንትዬ! ፋንትዬ!» እያለች ታነባለች። አንድ ነገር ልታሳየኝ ወደ በሩ ትስበኛለች። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ሰዓት፣ አልዋሻችሁም፣ ሎሚንም ልጇንም ረሳሁ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም እንድትልልኝ።

ድንኳኑ መሐል አልጋዬ ተዘርግቶ አገኘሁት። ተቀመጥኩ፣ አላርሟን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። «እሽሩሩ… እሽሩሩ… እኔን፣ እኔን…» እያልኩ በአውራ ጣቴ ግንባሯን ዳበስኩላት። አንድ ጊዜ ተንሰቀሰቀች። ቀይ ዓይኗ አረንጓዴ ሆነ። ተኛች።

እንዴት ያለ ጸጥታ ነበር! የሄዱት ሁሉ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ተመልሰው ከበቡኝ። «ጎበዝ ሲስተር!» አለ ከድር። «እግዜር ይስጥልን፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አሉ ሴቶቹ። እኔም ኮራሁ። በሰዎቹ መሐል አሻግሬ ሎሚን አየኋት፤ ከሳጥኑ ውስጥ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ግንባሯ ላይ ነጭ የሚባል ነገር አልቀረም። ደኅና ሁኚ እንደሚላት ሰው እጄን አነሳሁላት።

ነቃሁ።

ላብ አጥምቆኛል። ቬንትሌተሩ ቆሟል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ጨለም ብሏል፤ ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ሲወጡ ይሰማኛል። ያን ያህል ተኝቼ አላውቅም። መብራት መቼ እንደሄደ እኔ ምን አውቄ!

ስልኬን ልፈልግ እጄን ወደ ትራሴ ሥር ሰደድኩ። ትራሴ ሥር የለም። እጄ ውስጥ ነው፣ አውራ ጣቴ መስታወቱ ላይ እንዳረፈ።

«መብራት ተቋርጧል። የፍሪጅ ሙቀት ከልክ በላይ» ይላል። ከሥሩ፣ «አይቻለሁ፦ ሲስተር ፋንትዬ» ይላል። ሰዓቱ ጋደም ካልኩ ትንሽ ቆይቶ ነው። በልጆቼ እምላለሁ፣ አላየሁም! ከዚያ ወዲህ አላርሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። ከሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ነው። አቶ ተክሌ አውራ ጣት አድርገዋል። ከድር አውራ ጣት አድርጎ «ጎበዝ ሲስተር!» ብሏል። የፋይናንሶቹም አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ «እግዜር ይስጥልን»። ሙቀቱ አሁን ስንት እንደሆነ አየሁ፤ ሃያ ስድስት።

ጋሽ ሸምሱ ጋ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጮኽ አነሳው።

«አቤት ሲስተር! አላርሟ ስትጮኽ ሰምቼ ነበር፣ ወዲያው ዝም አለች። አይታዋለች፣ ትደውላለች ብዬ ይኸው ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ላስነሳው?»

«ፍሪጇስ?»

«እሷማ ከቀትር ጀምሮ ጸጥ ብላለች።»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ነጠላዬን አንስቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። አጥሬ ሥር ሎሚ ቆማለች። ሲፈንን አጥባ፣ ፀጉሯን ቅባት ቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ አዝላታለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ነገ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሲስተር» አለችኝ። «ቶሎ ብለን ነው የመጣነው።»