የሊቀ አራምያን ጉልበት

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት አንዱ አራሚ ነው። ሁለቱ ያወራሉ፤ እሱ ያርማል። የሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ የፌርፋክስ አራሚ ክቡር ሊቀ አራምያን ጋሼ ቀለመወርቅ ናቸው፤ ሆሊውድ ውስጥ ሃያ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ።

ጋሼ ምሳ የሚበሉበትን የፌርፋክስ ምግብ ቤት ሜኑ በእስክሪብቶ ያርማሉ። የእድሩን ማስታወቂያ ያርማሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከኋላ ሆነው "'ተወለደ' ሳይሆን 'ተወለዱ' ነው፤ ኮሬክት አድርገው!" ብለው አልቃሹን ሁሉ አስቀውታል። አማርኛን ከባዕድ ቃል እጠብቃለሁ ለሚሉት ለጋሼ፣ "ኮሬክት" ራሱ ባዕድ መሆኑን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። እኔም አልደፈርኩም።

እጃቸው ላይ የወደቅኩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ነው። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ሥራዬም የጉልበት ጉዳት መጠይቅ ወደ አማርኛ መተርጎም ነበር። መተርጎሙ ብቻውን አይበቃም። ሠላሳ ሰው ይሞላዋል፤ በሁለት ሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ደግመው ይሞሉታል። ጉልበታቸው ካልተለወጠ መልሳቸውም መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ መጠይቁ አይታመንም፤ እኔም አልመረቅም።

ለሙከራ ያህል እዚያው ምግብ ቤት "ጉልበትዎ ምን ያህል ደክሟል?" ብዬ ጀመርኩ። እንዳሻው የሚባል የታክሲ ሹፌር "ሶ፣ ሁለት ሺፍት ድራይቭ አደርጋለሁ፣ ጉልበትማ ሞልቶኛል" ብሎ ዜሮ ሞላና እያነከሰ ወጣ።

ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ታማሚው ቃሉ ነው! ጉልበት አቅምም ነው፣ እግር ላይ ያለውም ነው። 'የጉልበትዎ መጋጠሚያ' በይ። ኮሬክት አድርጊው!"

ልክ ነበሩ። ሲያናድዱ!

አስተካክዬ ዋናውን ሥራ ስጀምር እሳቸውም ሞሉልኝ። ሕመም? ምንም። ደረጃ መውጣት? ምንም። መንበርከክ? ምንም። ከየጥያቄው ጎን ግን ሁለት ሁለት እርማት።

መጠይቁ አንዴ ከተጀመረ አይነካም። ስለዚህ ጋሼ እኔን ወደ ማረም ዞሩ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛቸው ጋ አስቀምጠውኝ አነጋገሬን፣ አጎራረሴን፣ ባል አለማግባቴን ሲያርሙ ከረሙ። ከዚያ ሦስት ቀን ጠፉ። በአራተኛው ቀን ብቅ ሲሉ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ ነበር አሉኝ።

"ሦስት ቀን ያነጋገርኩት ሬዲዮውን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቢያርሙት አይሰማ!"

ሳቅኩ። ግን እኔም ሃውቶርን ከተማ ያለው ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ሁለተኛው ዙር ደረሰ። የጋሼ ወረቀት ላይ አንድም እርማት የለም። ሕመም? እጅግ ከባድ። ደረጃ መውጣት? እጅግ ከባድ። መንበርከክ? አልችልም።

"ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት እንዲህ ባሰብዎት?"

"ኧረ አልባሰም። እንዲህ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"ታዲያ ያኔ ለምን 'ምንም' አሉ?"

"ያኔ አላውቅሽም ነበራ! ለማያውቁት ሰው ሕመም ይነገራል?"

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። አሥራ አንዱ በመጀመሪያው ዙር "ምንም" ያሉት ለጨዋነት ነበር። እኔ ቃሉን ሳስተካክል ከርሜ ለካ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ሁሉንም እንዳለ አስገባሁ፤ ውጤቱ ወደቀ። መምህሬ ከሀ ጀምሪ አለኝ፤ ምረቃዬም በዓመት ተራዘመ።

ጋሼን መቆጣት ግን አቃተኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ቋጥሬ ሆሊውድ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እወጣለሁ። ለጥናቱ እንዳይመስላችሁ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው።