የሜሮን የይሉኝታ በጀት

እኔ በሰው ሀብት ቀንቼ አላውቅም። በሜሮን ግን ቀናሁ፤ ምን ልደብቃችሁ? ሜሮን የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ትሠራለች። ወር በገባ ቁጥር ገንዘቧን ስልኳ ላይ ትመድባለች፤ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለባቡር። ከሁሉም በታች ደግሞ «ይሉኝታ፦ ሃያ ዶላር» ይላል። ለይሉኝታ በጀት ሲያዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ እኮ ዕድሜ ልኩን ልክ ኖሮት አያውቅም!

አንድ እሁድ እኛ ሰፈር ኮሎምቢያ ሲቲ ከሜሮን ጋር ምሳ ስንበላ፣ አልማዝ የምትባል የሰፈራችን ሴት ለአንዲት ነፍሰ ጡር የቤቢ ሻወር ድግስ መዋጮ ልትሰበስብ መጣች። እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለመነጽር መግዣ ያስቀመጥኩትን ስልሳ ዶላር መዥረጥ! ሜሮን ስልኳን አየት አደረገችና፣

«ሶሪ እትዬ፣ የዚህ ወር ይሉኝታዬ አልቋል» አለቻት።

አልማዝ ትቆጣታለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አንቺስ ጎበዝ ነሽ!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እኔን ማን ሳመኝ?

በሳምንቱ አልማዝ ለምርቃት መዋጮ ተመልሳ መጣች። እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣

«የዚህ ወር ይሉኝታዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ሌላው ሰው ስንት ስንት እንደሰጠ ከዝርዝርሽ አንብቢልኝ እስቲ» አልኳት። «መነጽር የለኝም።»