ጀልባ የማይረብሸው ወደብ

በዓለም ላይ ወደብ ሞልቷል፤ ጀልባ የማይገባበት ወደብ የማቋቋም ክብር ግን የደረሰው ለአንዲት ትንሽ ደሴት ብቻ ነው። ክብሩ በአንድ ጀንበር አልመጣም። መጀመሪያ ሰዎች የጥንቶቹን የድንጋይ ቤቶችና የወደቡን ግንብ ፎቶ ለማንሳት መጉረፍ ጀመሩ። ቀጥሎ የቅርስና የጎብኝዎች ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ተቃና።

ጎብኝዎቹን ከማዶ የሚያመላልሳቸው አሻጋሪው ነበር። ጀልባዋን የወረሳት ከአባቱ ነው፤ ልጆቹ የበሉትም የለበሱትም ከእሷ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ጎብኚ ካሜራዋን ደቅና፣ "ይቺ ጀልባ ባትኖር ግንቡ እንዴት ያምር ነበር" አለች። ተናግራ ረሳችው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን የእንግዳ ቃል መሬት ጠብ እንዲል የሚፈቅዱ ሰው አልነበሩምና በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ።

"ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይላሉ አበው፤ የእኛን ወደብ የሚያስጮኸው ግን በጥናት እንደተረጋገጠው ጀልባ ነው" አሉ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል አሻጋሪው ተነሳ።

"ጌታዬ፣ ጎብኝዎቹ ታዲያ በምን ይምጡ?"

"እሱ የትራንስፖርት ዘርፍ ጥያቄ ነው። እኛ የምንሠራው ውበት ላይ ነው።"

"ልጆቼስ?"

"ልጆችህም የውበቱ ተጠቃሚ ይሆናሉ።"

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ዓሣ አጥማጆቹ ነገሩ ሲሸታቸው ታንኳቸውን ይዘው ወደ ማዶ ኮበለሉ። የአሻጋሪው ጀልባ ተጎትታ ወጣች፣ ቅርስ ተባለች፣ ሰማያዊ ተቀባች፣ አፈር ተሞልታ አበባ ተተከለባት። ውኃ አቁራ አበባው እንዳይበሰብስ ደግሞ ወለሏ በመሰርሰሪያ ተበሳሳ። እሱም አልተረሳም፤ የአበባ አጠጪነት ሹመት ተሰጠው።

"ዛሬስ ምን ሠርተህ ገባህ?" አለችው ሚስቱ።

"ጀልባዬን አጠጣሁ።"

"ይሁና። ቡቃያ ጀልባ ስታወጣ ትነግረኛለህ።" ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። እሱም አባቱ ያን ቀዳዳ ሁሉ ቢያይ ምን ይለው እንደነበር እያሰበ ምግቡን ገፋ አደረገው።

ወደቡ ግን ምን ጎደለው? ውኃው ጸጥ፣ ግንቡ ጥርት። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብቻ ጠፋ። ጎብኝዎች ማዶ ዳር ይመጡና እጃቸውን አውለብልበው ይመለሳሉ። ኃላፊው ይህንን፣ "የጎብኝዎች ፍሰት ቅርሱን በማይጎዳ ርቀት ቀጥሏል" ሲሉ ለበላይ አካል አስረዱ። የበላይ አካልም እጅግ ተደስቶ ወደቡን ሸለመ። ሽልማቱን የሚቀበሉት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ የሚሰጠው ማዶ ነው።

ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ የጽሕፈት ቤቱን ፎቶ አንሺ አስከትለው ወደብ ወረዱ።

"በል፣ ጀልባዋን አዘጋጅ" አሉት አሻጋሪውን።

"አበባው ገና መፈንዳቱ ነው፣ ጌታዬ።"

"ንቀለዋ! በእኔ ኃላፊነት ቅርስነቷ ለግማሽ ቀን ተነስቷል።"

አሻጋሪው ይህችን ቃል ሲጠብቅ ነው የከረመው። ነቀለ፣ አፈሩን ዛቀ፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ውታፍና በቅጥራን ደፈናቸው። ጀልባዋ ውኃ ነክታ ወዝወዝ ስትል እንባው መጣ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ዘሎ ገባና መቅዘፊያውን ጨበጠ።

ኃላፊው ሊሳፈሩ እግራቸውን ሲያነሱ ፎቶ አንሺው፣ "አንዴ ግንቡን ደገፍ ይበሉልኝ" አላቸው። ክቡርነታቸው በዕድሜያቸው ለፎቶ እንቢ ብለው አያውቁም። ተመልሰው ግንቡን ተደገፉ፣ ክራባታቸውን አቀኑ፣ ደረታቸውን ነፉ።

"ጀልባዋ ምስሉ ውስጥ ገባችብኝ" አለ ፎቶ አንሺው።

"ራቅ አድርጋት" አሉ ኃላፊው፣ ከካሜራው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ራቅ አደረጋት።

"ትንሽ ጨምር።"

ጨመረ። ማዶ የቆሙት መንገደኞች አይተውት እየተጠራሩ ወደ ዳር ሲወርዱ ደግሞ ማንም ሳያዘው ጨመረ። ኃላፊው ፈገግታቸውን ፈተው ዞር ሲሉ ጀልባዋ ባሕሩን አጋምሳለች።

"አንተ ሰውዬ! እኔስ?"

አሻጋሪው መቅዘፉን ሳያቆም በሩቁ መለሰላቸው።

"እርስዎማ ቅርስ ነዎት፣ ጌታዬ፤ ቅርስ ከቦታው አይነቃነቅም።"