የዳክዬ አዳኙ ሚስት

በየሰፈሩ አንድ ጀማሪ አይጠፋም። ጨራሽ ብርቅ ነው፤ ጀማሪ ግን በየግቢው አለ፣ ሚስትም አለችው፣ ሚስቱም ደክሟታል። የቦሌ ሚካኤሉ ጀማሪ ክቡር አቶ ተስፋጽዮን ናቸው፤ የደከማት ደግሞ ባለቤታቸው ገንዘቤ።

በሠላሳ ዓመት ትዳር ገንዘቤ ያላየችው ጅምር የለም። ንብ ማነብ ጀመሩ፤ ንቡ የጎረቤት ፍየል ነድፎ ኮበለለ። እንጉዳይ ማብቀል ጀመሩ፤ የበቀለው አልጋ ሥር ነበርና ቤቱ እስከ ፋሲካ እርጥበት እርጥበት ሸተተ። ሁሉም የሚጀመረው "ነገር ሁሉ ሥርዓት አለው" በሚል አነጋገር ነው። ይህን በሰማች ቁጥር ገንዘቤን ወገቧን ያማታል።

በ1988 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ቪላ ተከራይቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአቶ ተስፋጽዮን ሁለት ነገር ትቶላቸው ሄደ፤ አንድ ቡችላ፣ እና ቡችላን ዳክዬ አዳኝ ስለማድረግ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። አቶ ተስፋጽዮን ጠመንጃ የላቸውም። ሐይቅ ያዩት ለሰው ሠርግ ደብረ ዘይት የሄዱ ጊዜ ነው። ዳክዬ ደግሞ እንኳን እሳቸው፣ ከሰፈሩ ክርስቲያን የሚበላ የለም።

"ታዲያ አድኖ ለማን ነው?" አለች ገንዘቤ።

"ዋናው ሥልጠናው ነው" አሉ አቶ ተስፋጽዮን መጽሐፉን ሳይከድኑ። "ነገር ሁሉ ሥርዓት አለው።"

ቡችላው ካፒቴን ተባለ። ካልሲ ውስጥ የዶሮ ላባ ተጠቅጥቆ ዳክዬ ሆነ፤ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሐይቅ ሆነ፤ ገንዘቤ ድስት በክዳን እየደበደበች ጥይት ሆነች። ካፒቴን በመጀመሪያው ተኩስ አልጋ ሥር ገብቶ ቀኑን ሙሉ አልወጣም። አዳኝ ውሻ የያዘውን እንዳይጨፈልቅ እንቁላል በአፉ ይዞ ሳይሰብር መሄድ ይልመድ ይላል መጽሐፉ። በዚያ ዓመት በዓቢይ ጾም ከዚያ ቤት እንቁላል የቀመሰ ካፒቴን ብቻ ነው።

ማምጣቱንስ ያመጣል። የሚያመጣው ግን ጫማ ነው፣ ያውም አንድ እግሩን። ባለሱቁ አቶ ሙክታር፣ ደግ የወሎ ሰው፣ ሰግደው ሲወጡ አንድ እግር ጫማ ብቻ ይጠብቃቸዋል። ሌላኛውን ገንዘቤ ይቅርታ እየለመነች ታመጣለች፤ የውሻ ለሃጭ ነክቶታልና እሳቸው ሰባት ጊዜ ያጥቡታል። "እትዬ ገንዘቤ፣ ወላሂ ዘንድሮ ጫማዬ ከኔ የበለጠ ታጠበ" ይላሉ።

ይህን ሁሉ ስትችል "ይሄ ውሻ ይውጣልኝ" ማለት አቅቷት አይደለም። አቶ ተስፋጽዮን ጡረታ በወጡ ሰሞን ሁለት ወር ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ምሳው እንደ ሄደ ይመለሳል። ገንዘቤ አጠገባቸው ቆማ ትንፋሻቸውን ታዳምጥ ነበር። ከዚያ አልጋ ያስነሣቸው ሐኪምም ጠበልም አይደለም፤ ይኸው ቡችላ ነው። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም።

ነገሩን ያፈነዳው አንድ ቃል ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነውና ትእዛዙም እንግሊዝኛ ሆነ፤ "አምጣ" ለማለት "ፌች" ይባላል። አቶ ተስፋጽዮን ቀኑን ሙሉ "ፌች! ፌች!" ሲሉ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚሰማው "ፍቺ! ፍቺ!" ነው። ገንዘቤም ሳፋዋን እየነጠቀች "በቃኝ፣ በቃኝ" ትላለች። ጎረቤት ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

አንድ እሑድ አቶ ሙክታርና የነገንዘቤ የአጥር ጎረቤት ባሻ ገብረዋሕድ ኮታቸውን ለብሰው ለሽምግልና መጡ። ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ አሉ።

"ሠላሳ ዓመት የኖረ ትዳር ላይ በቁም ፍቺ፣ ፍቺ አይባልም" አሉ ባሻ።

አቶ ተስፋጽዮን ደንግጠው አስረዱ፤ መጽሐፉን አውጥተው ቃሉን በጣታቸው አሳዩ። ባሻ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። አቶ ሙክታር ግን አልሳቁም። መጀመሪያ ጫማቸውን አዩ፣ ከዚያ ገንዘቤን አዩ።

"እትዬ ገንዘቤ፣ ከመጣን አይቀር በደልዎን ይናገሩ። ይሄ ውሻ ይሂድልኝ ካሉ ዛሬውኑ ይሄዳል። ደሴ የሚወጣ ሹፌር ደንበኛ አለኝ፤ መጋዘን ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል።"

እንዲህ ያለ ቀን በሠላሳ ዓመት አንዴም ደርሷት አያውቅም። ሁለት ሽማግሌ ከጎኗ ቆመውላታል፤ አዎ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ባሏን አየች። ለሁሉም መልስ የማያጡት ሰውዬ ላባ የተጠቀጠቀውን ካልሲ በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ሁለት ወር ግድግዳውን ያዩ የነበረው በዚሁ ፊት ነው።

"ውሻው የትም አይሄድም" አለች። "ቃሉ ብቻ ይቀየርልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። አቶ ተስፋጽዮን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታዲያ ምን ብዬ ልዘዘው?" አሉ።

"'እባክህ' በለው። ለኔ ብለኸኝ አታውቅም፤ ከሱ ጀምር።"

በማግሥቱ ጠዋት የአቶ ተስፋጽዮን ድምፅ ከግቢው "አምጣ፣ እባክህ" ሲል ተሰማ። ካፒቴን ካልሲውን ነክሶ ግማሽ መንገድ መጣና ላዩ ላይ ተኛበት። አቶ ተስፋጽዮን ከት ብለው ሳቁ። ገንዘቤ ማጀት ሽንኩርት እየከተፈች ሰማቻቸው፤ ከጡረታው ወዲህ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። ደስ አላት፤ ለራሷም እስኪገርማት ደስ አላት።

"ገንዜ" አሉ ከውጭ። "ነይ እስቲ ይሄን ጉድ እይልኝ።" እንደ ከበዳቸው፣ ጨመሩበት። "እባክሽ።"

ሽንኩርቱን ትታ ወጣች።